ሥራቸውን ሊያፈርሱ አያት ድረስ የሄዱት ሰው

ነገሩ የተጀመረው ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። ብየዳውም ድሪሉም ቆሞ የጋራዡ ሰው በር ላይ ተቀምጦ ሲያወራ፣ አንዲት ቀይ ዲኤክስ ከወሎ ሰፈር ዋና መንገድ ታጥፋ ወደ እኛ ቅያስ ገባች። ቀለሟ ገና ያብረቀርቃል። ጎማዎቿ ከሌሎች ዲኤክሶች ሰፋ ይላሉ። የሞተሯ ድምፅ የእሷ አይደለም፤ የሌላ፣ የትልቅ መኪና ነው። በራችን ላይ ስትደርስ ሹፌሩ ፍሬን ያዘና ቆመች። ከቆመች በኋላ ግን የሹፌሩ ትከሻ ትንሽ ወደ ፊት ሰጠም አለ።

ጋሽ ኦላና ከተቀመጡበት ተነሡ። “የዚህ ልጅ እግር እየገባበት ነው” አሉ። ሹፌሩ ገና በሩን አልከፈተም።

ጋሽ ኦላና ካረፉ ሁለት ወር አለፈ። ቦሌ ቡልቡላ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ እጃቸው ነበር የሚያወራው። የአውቶቡስ ሹፌሮች የነበሩ ሽማግሌዎች እየተነሡ “እሱ የነካው ፍሬን…” ብለው ይጀምሩና ሳይጨርሱት ይቀመጣሉ። እኔም የምናገረው ነበረኝ፤ አልተነሣሁም። በሰው ፊት መናገር ድሮም አይሆንልኝም። ስለዚህ ጻፍኩት።

ወደ ጋራዡ የገባሁት በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ ሥራ እስካገኝ፣ ለሁለት ወር ተብሎ ነበር። ሁለቱ ወር ሦስት ዓመት ሆነ። ጋሽ ኦላና ረጅም፣ ቀጭን፣ ቱታቸውን ተኩሰው የሚለብሱ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ከወለጋ መጥተው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ብቻ ሲሠሩ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ያቺን ጠባብ ቦታ ተከራዩ። እዚያም ሞተር አይነኩም፣ ማርሽ አይነኩም። “ሞተር እምቢ ካለ ሰውየው ከቤቱ አይወጣም፤ ፍሬን እምቢ ካለ ነው ቤቱ የማይገባው” ይሉ ነበር።

ግራ ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ የሚያናግራቸው ሰው ሁሉ በቀኝ መቆም አለበት። ሲሠሩ በኦሮምኛ መዝሙር ያንጎራጉራሉ፤ ድምፃቸው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ግን አያውቁትም። ከጎናችን ላሜራ የሚያቃናው ሙሌ በግንቡ ላይ ብቅ ይልና “ጋሽ ኦላና፣ ዛሬም ኮንሰርት አለ እንዴ?” ይላቸዋል።

“መግቢያው ነፃ ነው፣ ና ግባ” ይሉታል፣ ቀና ሳይሉ።

ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ነበር። መጀመሪያ ሳየው ለሻይ መስሎኝ ነበር። ላሜራ የሚመቱበት ነው። ጤነኛ ብረት በማንኪያ ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ዝገት የበላውና በስቱኮ የተሞላው ግን አፉን እንደታፈነ ሰው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ስቱኮ ማለት ላሜራ ሲበሰብስ ቀዳዳው የሚደፈንበት ሊጥ መሳይ ሮዝ ነገር ነው። ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ተሞርዶ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ዐይን ከብረት አይለየውም። “ዐይንሽ ቀለም ነው የሚያየው” ይሉኝ ነበር። “የምትቆሚበትን ምቺው።”

እኔም ማንኪያ ገዛሁ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ታክሲ ላይ ጎንበስ ብዬ መታ መታ ሳደርግ ሙሌ በግንቡ ላይ ብቅ አለና “ዶክተሯ መጣች! ይተንፍሱ በያቸው! ሳል ሳል ያድርጉ!” ብሎ ሰፈሩን በሳቅ አናወጠው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢቸግረኝ ቀድሞ የሚደርስልኝ እሱ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ሰው ባለበት ማንኪያዬን ለማውጣት ማፈር ጀመርኩ። ጋሽ ኦላና ይህን አያውቁም ነበር። እሳቸው ምን አሉኝ ብለው አያውቁምና ሌላውም ሰው እንደዚያው ይመስላቸዋል።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። ሹፌሩ ወረደ። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቦሌ ቢሮ የሚሠራ ሰው ነው። ብሩክ ይባላል። መኪናዋ የአባቱ ነበረች። ሲሞቱ አልሸጣትም፤ ሞተሯን በትልቅ ቀየረ፣ ሰፋፊ ጎማ አደረገላት፣ ፍሬኗንም ከሌላ መኪና አምጥቶ ገጠመ።

“ደህና አደራችሁ። ጋሽ ኦላና የሚባሉት…”

“እኔ ነኝ። በቀኝ ዙርና ንገረኝ።”

“ፍሬኑ ይገባል። ይይዛል ግን ይገባል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ የፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር አለ ብለው አየር አስወጡለት። ሁለተኛውም አስወጡለት። ሦስተኛው ፖምፓውን በትልቅ ቀየረውና ባሰበት።”

“ሦስተኛው አየር አላስወጣም?”

“እሱም አስወጣ።”

“ታዲያ እስካሁን በምን ትተነፍሳለች?” አሉ ጋሽ ኦላና። በር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ብሩክም ሳቀ።

ከዚያ ማንኛውንም ባለመኪና የሚጠይቁትን ጠየቁት። “ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?”

“የት?”

“የኋላ ወንበር ላይ።”

“እናቴ ነች። ፊት አትቀመጥም፣ ትፈራለች። ቅዳሜ አዳማ እወስዳታለሁ፤ የእህቴ ልጅ ክርስትና አለ።”

“በፈጣን መንገዱ?”

“አዎ።”

“ስማቸው ማነው?”

“አስካለ።”

ጋሽ ኦላና ወደ እኔ ዞሩ። “የእማማ አስካለ መኪና ናት” አሉኝ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነበሩ። መኪና በታርጋም በባለቤቱም ስም አይጠሩም፤ ከኋላ በሚቀመጠው ሰው ስም ነው የሚጠሩት። ግድግዳችን ላይ በተንጠለጠለው ሰሌዳ “የሕፃን ናታን መኪና”፣ “የሁለቱ ተማሪዎች መኪና” እየተባለ ይጻፋል። አንዴ አንድ ሰው “ከኋላ ማንም አይቀመጥም፣ ብቻዬን ነኝ” ቢላቸው ትንሽ አሰቡና “መንገድ የሚሻገረው ሰው መኪና” ብለው አጻፉኝ።

ኮፈኑን ከፈቱ። አንድ ወፍራም ዘንግ ከፊት በኩል አጥብቀው አሰሩና ጫፉን ወደ ፖምፓው አፍንጫ አስጠጉት። በመካከላቸው የክብሪት እንጨት የምታህል ክፍተት ተዉ። ክብሪት አወጡና አንዷን እንጨት እዚያ ክፍተት ውስጥ ወተፏት።

“ለቱ፣ ግቢና ርገጪው። በቀስታ አይደለም። ሕፃን ገብቶብሽ እንደደነገጥሽ ሆነሽ ርገጪ።”

ረገጥኩ። ከፊት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

“ቆይ ቆይ፣ እንደገና!” አለ ብሩክ፣ ራሱን ኮፈኑ ሥር አስገብቶ። ሁለተኛዋም ተሰበረች።

“አየህ?” አሉት። “ፖምፓው ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ይሄ ግን ወደ ፊት ይሄዳል። አየር የለውም፤ ጭራሽም አልነበረውም። የሚሄደው ላሜራው ነው።”

ነገሩ ይህ ነው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ጉልበቱ የሚያርፈው ፖምፓው ላይ ነው። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ፖምፓ ደግሞ የታሰረው ሞተሩን ከሰዎቹ ክፍል በሚለየው ላሜራ ላይ ነው። ያ ላሜራ ስስ ነው፤ መኪናዋ ስትሠራ ለነበራት ትንሽ ሞተርና ትንሽ ፍሬን ይበቃ ነበር። ብሩክ ሁሉን ነገር አሳደገና ላሜራውን እንዳለ ተወው። እግሩ በረገጠ ቁጥር ግማሹ ጉልበት ጎማ ከመያዝ ይልቅ ላሜራ ሲያጎብጥ ይባክናል። ይህን አምስት ዓመት ከተማርኩት ይልቅ ያቺ ክብሪት በደንብ አስረዳችኝ።

“ሁለት መንገድ አለ” አሉት። “ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት አውርደን ላሜራውን በወፍራም ብረት ማልበስ አንድ ነው፤ ሳምንት ይፈጃል። ሌላው ከፊት ድጋፍ መስጠት ነው። ድጋፉ ከጎማው በላይ ባለው የፓራፋንጎ የውስጥ ግድግዳ ላይ ቆሞ የፖምፓውን አፍንጫ ይገታል።”

“ለቅዳሜ የቱ ይደርሳል?”

“ድጋፉ።” ከዚያ ወደ እኔ ጠቆሙ። “እሷ ናት የምትሠራልህ።”

እስከዚያ ቀን ብቻዬን የሠራሁት ሥራ አልነበረም። ብሩክ አየት አድርጎኝ ወደ እሳቸው ተመለሰ። እሳቸው ግን ዞረው ሄደዋል።

ሐሙስን ሙሉ ለካሁ፣ ሣልኩ፣ በካርቶን ቆርጬ ሞከርኩ። ብረቱ የት ላይ እንደሚጎብጥ አሰላሁ። ብረቱ ተቆርጦ ሲበየድ ጋሽ ኦላና ወረቀቴን አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩትና “ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?” አሉኝ። አስረዳኋቸው። “እኔ ይሄን በእጄ ነበር የማውቀው” አሉ፤ “በወረቀትም እንደሚታወቅ ግን አላውቅም ነበር።” ያኔ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበሩ። እንዲህ ሲሉ ምንም አይከብዳቸውም ነበር። ወረቀቱንም አጥፈው ማንኪያው ካለበት ኪስ ከተቱት።

ዓርብ ጠዋት ብሩክ መጣ። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ፤ የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። “እሺ ወገኖች፣ ጋሽ ኦላና ጋ ነን፣ ኢንጂነሯ አሁን ልትበሳ ነው” ይላል። ሙሌም ግንቡ ላይ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። ጋሽ ኦላና ወዲያ ማዶ ሌላ መኪና ሥር ተኝተዋል። እግራቸው ብቻ ይታያል።

“ለቱ!” አሉ ከሥር ሆነው። “የምትቆሚበትን መታሽው?”

ማንኪያዬ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ነው። ስልኩ ፊቴ ላይ ተደቅኗል። የሙሌ አፍ ሊከፈት ሲል ይታየኛል። ግድግዳው ደግሞ ቀይ፣ ለስላሳ፣ እንከን የሌለው ነው።

“አዎ፣ መትቼዋለሁ” አልኩ።

“በርቺ።”

አራት ቀዳዳ ነበር የሚበሳው። ከሁለቱ እንደ ፀጉር የተጠቀለለ ብረት ወጣ። ከሁለቱ ግን ሮዝ ዱቄት ረገፈ። ቀለም ነው አልኩ ለራሴ። በዚያች መኪና ላይ ሮዝ ቀለም የለም።

ድጋፉን አሰርኩ። ክብሪቷን ወተፍን። ብሩክ ራሱ ገብቶ ረገጠ፤ አልተሰበረችም። እንደገና ረገጠ። “ድንጋይ!” ብሎ ጮኸ። “ጋሽ ኦላና፣ ድንጋይ ሆነ እኮ!” ከዚያ ቅያሱን ነድቶ ዞሮ መጥቶ እሳቸውን አቀፈ፤ ለእኔ እጁን ዘረጋልኝ። ጋሽ ኦላናም ገብተው በራሳቸው እግር ሞከሩት። ሥራ አለቀ አይሉም፤ ለሁሉም የሚሉት “ሂድና እየው” ነው። ለብሩክም እንደዚያው አሉት። መኪናዋ ከታጠፈች በኋላ ግን “ጥሩ አድርገሽ ሠርተሻል” አሉኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥረጊያ አነሡ። ወለሉን የሚጠርጉት ሁልጊዜ ራሳቸው ናቸው። ማንም ቢለምናቸው አይሰጡም። “መኪናው ይሄዳል፣ ወሬው መሬት ላይ ይቀራል” ይላሉ። ቁጢጥ ብለው ጥራጊውን በጣታቸው ይበትናሉ፤ ብረት ነው፣ የፍሬን ሸራ ነው፣ ጎማ ነው እያሉ። ቀይዋ መኪና ከነበረችበት ሲደርሱ መጥረጊያው ቆመ። መዝሙሩም ቆመ። ሮዙን ዱቄት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት።

“ለቱ፣ ይሄ ከየት ወረደ?”

መሬት መሬት አየሁ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለብሩክ ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። አሥር ጊዜ ያህል ደወሉ። ከዚያ ቱታቸውን አውልቀው፣ በሰጋቱራና በሳሙና እጃቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ለበሱ። ቁልፎች በትንሽ ቦርሳ ከተቱ። “አያት ኮንዶሚኒየም ነው ያለው አይደል? ብሎኩን ነግሮናል። ነይ።”

በሚኒባስ መገናኛ፣ ከመገናኛ በባቡር ሄድን። ሰው ተጨናንቋል፤ አንድ ልጅ ወንበር ሊለቅላቸው ቢነሣ እንዲቀመጥ በእጃቸው ገፋ አደረጉት። በቀኛቸው ቆሜ ነበር።

“ጋሽ ኦላና፣ እኔ…”

“መጀመሪያ መኪናው ይቁም” አሉ።

ትንሽ ቆይተው እንደ ትምህርት አድርገው ነገሩኝ። “ድሮ የነበረው ፍሬን ይሻለው ነበር። ቢገባም እግሩ ያውቀው ነበር፣ ቀድሞ ይረግጥ ነበር። አሁን ጠንካራ ፍሬን ሰጠነውና እግሩ ለመደው። ስቱኮው ነገ መንገድ ላይ ቢለቅ እግሩ የሚጠብቀውን አያገኝም። ከዚህ በፊት መኪናው ብቻ ነበር የሚሳሳተው። አሁን ሰውየውንም አሳሳትነው።” አሳሳትሽው አላሉም።

ስንደርስ ዲኤክሷ ብሎኩ ሥር ታጥባ ቆማለች። አምስት ስድስት ጎረቤት ከብቧታል። ብሩክ ኮፈኑን ከፍቶ ድጋፉን ያሳያቸዋል። እናቱ እማማ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ፌስታል ያሸጋግራሉ፤ ለነገው ክርስትና የሚሄድ ዕቃ ነው።

“ጋሽ ኦላና! ምን እግር ጣልዎት?” አለ ብሩክ ደስ ብሎት።

“ሥራዬን ላፈርስ መጣሁ።”

ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ማንኪያውን አወጡና “ና ስማ” አሉት። ከድጋፉ በላይ መቱ፤ ጮኸ። ዝቅ ብለው መቱ፤ ድፍን አለ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ዳዶውን ፈትተው ብሎኑን ሲስቡት ሮዝ ስቱኮ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ ወደቀ። ከሥሩ የተበላ፣ ወንፊት የመሰለ ላሜራ ታየ።

“ቀለም የቀባው ሰው ላሜራውን ቀይሬዋለሁ ብሎኝ ነበር እኮ!” አለ ብሩክ።

“እሱ ያለውን እሱ ያውቃል። እኛ ሳናጣራ ድጋፍ ማቆም አልነበረብንም። መኪናዋን ነገ አትንዳት።”

የብሩክ ፊት ተለወጠ። “ጠዋት እኮ ሂድና እየው አሉኝ! እናቴን ጭኜ በመቶ ልነዳ ነበር!”

“አዎ።”

“ሰው ሁሉ የእርስዎን ስም ጠርቶ ነው የላከኝ!”

“አውቃለሁ።”

እማማ አስካለ ፌስታሉን አስቀምጠው መጡ። “እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት” ብለው ጀመሩ። “ዐይንዎ ከደከመ ምነው ለሚያይ አይለቁም? የሰው ነፍስ መጫወቻ ነው እንዴ?” ሲሉ ሲሉ ወደ አንተ ወረዱ። “አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሞቼ ብትሰማ ትተኛ ነበር?”

“እውነትዎን ነው፣ እማማ አስካለ” አሉ ጋሽ ኦላና።

ስማቸውን ማወቃቸው እናትየውን ትንሽ አስደነገጣቸው። ቢሆንም አላቆሙም። ከጎረቤቶቹ አንዱ “ጃጅተዋል፣ ምን ይደረጋል” አለ፤ ቀስ ያለ መስሎት። ያለው በግራ ጆሯቸው በኩል ሆኖ ነው፤ አልሰሙትም ይሆናል። እኔ ግን ሰማሁት።

“ቦታውን ያየው ማነው?” አለ ብሩክ ድንገት። ወደ እኔም ወደ እሳቸውም አየ።

አፌን ከፈትኩ። ምላሴ አልታዘዘኝም። ያ ሁሉ ሰው ነበር የቆመው።

“የማየት ኃላፊነት የእኔ ነው” አሉ ጋሽ ኦላና። “አላየሁም።” ይህ ሐሰት አይደለም፤ በሐሰት አይምሉም፣ አይናገሩምም። ግን ጠይቀውኝ እንደነበር፣ እኔም ዋሽቼ እንደመለስኩላቸው አልተናገሩም። ድጋፉን ሙሉ በሙሉ ፈቱት፣ በጋዜጣ ጠቀለሉት። “ሰኞ አምጣት፤ የተበላውን ቆርጠን አዲስ ላሜራ እንበይዳለን። የነገውን መንገድ በሌላ መኪና ሂዱ” አሉ። ብሩክ ኮፈኑን በኃይል ዘጋ።

መገናኛ ላይ ተለያየን። በመንገድ ሁሉ ስለ ላሜራ ውፍረት ነበር የሚያወሩኝ። ሲሰናበቱኝ “ሰኞ ማልደሽ ነይ፣ ቆረጣው ጊዜ ይወስዳል” አሉ፤ ሌላ ምንም።

ቤቴ ሳልደርስ ታክሲ ውስጥ ስልኬን ከፈትኩ። ብሩክ ጠዋት እኔንም ባስገባኝ ግሩፕ ውስጥ ጽፏል። ጠዋት ከቀረጸው ቪዲዮ ሥር “ጋሽ ኦላና አርጅተዋል፣ ፍሬን እንዳታሠሩ፤ እኔ ለጥቂት ተረፍኩ” ይላል። ከሥሩ አስተያየቱ ይዘንባል። “እኔም ጠርጥሬ ነበር።” “ይረፉ በቃ።” “ሸገር ውስጥ ሌላ ፍሬን ሠሪ ማን አለ? ጠቁሙን።” ጋሽ ኦላና ማስታወቂያ የላቸውም፤ በራቸው ላይ ታፔላ እንኳ የለም። ሰው የሚመጣው አንዱ ለአንዱ ስማቸውን ስለሚነግረው ብቻ ነው። ያ ስም ነበር ከፊቴ የሚጠፋው። እሳቸው ቴሌግራም ስለሌላቸው ሰኞ፣ ማክሰኞ በራችን ባዶ ሲሆን ነው የሚያውቁት። ያኔም እኔን እንደማይከሱኝ አውቃለሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ወደ አያት ሄድኩ። ብሎኩ ሥር የኮንትራት ሚኒባስ ቆሟል። ዕቃ ይጫናል። ትላንት ከነበሩት ጎረቤቶች ሁለት ሦስቱ ሊሸኙ ወጥተዋል። ሰው እስኪቀንስ ልጠብቅ ብዬ ግንቡ ጥግ ቆምኩ። ከዚያ ያ ማመካኛ መሆኑ ገባኝና ወደ እነሱ ሄድኩ።

“አንቺ ትላንት የመጣሽው ልጅ አይደለሽ?” አሉ እማማ አስካለ።

“እሳቸው ልከውሽ ነው?” አለ ብሩክ።

“መምጣቴን አያውቁም” አልኩ። “ቦታውን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጋሽ ኦላና መታሽው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ቪዲዮህ ላይ ድምፃቸው አለ፣ ክፈተውና ስማው። መትቼዋለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። አልመታሁም። ሮዝ ዱቄቱ ሲወርድም አይቻለሁ። ዝም አልኩ። እሳቸው ወለል ሲጠርጉ አይተውት ነው የመጡት። እሳቸው ባይጠርጉ ኖሮ ዛሬ በዚያች መኪና ነበር የምትሄዱት።”

ብሩክ ስልኩን አወጣ። ቪዲዮውን ከፍቶ ወደ ጆሮው አስጠጋው። የጋሽ ኦላና ድምፅ ከመኪና ሥር ሲወጣ፣ ከዚያ የእኔ ቀጭን “አዎ” ስትከተል ሁላችንም ሰማን። ከዚያ ትላንት የጻፈውን ሊያጠፋ በጣቱ መፈለግ ጀመረ።

“አታጥፋው” አልኩት። “ከሥሩ ያልኩህን ጻፍበት። ስሜ ለተብርሃን ነው፤ በስሜ ጻፈው።”

እማማ አስካለ ከእኔ ላይ ዐይናቸውን አላነሡም። “ትላንት እኔ ያን ሰው ያን ሁሉ ስናገረው አንቺ የት ነበርሽ?” አሉኝ።

“ከኋላቸው ቆሜ ነበር።”

የሚኒባሱ ሹፌር ጥሩምባ ቢነፋም እማማ አስካለ አልዞሩም። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

“ደውይላቸውና ስጪኝ።”

ደወልኩ። ጋሽ ኦላና አነሡት። “አያት ነኝ” አልኳቸው። “እማማ አስካለ ሊያናግሩዎት ነው። ሁሉን ነግሬያቸዋለሁ።” ስልኩን ሰጠኋቸው። መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም፤ ተነጋግረው እስኪጨርሱ ድረስ እዚያው ሰው መሐል ቆምኩ።